ከቁም ሳጥናችሁ የዕለቱን ልብስ የሚመርጥ አፕ አሠራር

ልብስ የሚመርጥ አፕ ሲባል ብዙ ሰው ፎቶ አይቶ ቀለም የሚያዛምድ፣ ውስብስብ ፕሮግራም ይመስለዋል። ለአንድ ሰው ቁም ሳጥን ያን ያህል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልብሱን በሥርዓት መመዝገብና የማይሆነውን አስቀድመው የሚያስወጡ ጥቂት ሕጎች ናቸው። ያልታጠበው ሸሚዝ፣ ለለቅሶ የማይሆነው ቀይ ሹራብ፣ ጭቃ የማይችለው ጫማ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ትንሽ ነው፤ ከእሱ ላይ በዕጣ ቢወጣ እንኳ የሚለበስ ነገር ይገኛል። ስለዚህ የሥራው ክብደት ያለው ማጣሪያው ላይ ነው። ማዛመዱ ቀላል ነው።

አፑን የምንሠራው በኤምአይቲ አፕ ኢንቬንተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጉግል ተጀምሮ በኋላ ወደ አሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የተዛወረ ነፃ መሣሪያ ነው፤ ኮድ በመጻፍ ፋንታ ብሎኮችን በመዳፊት እየጎተታችሁ ትገጣጥማላችሁ። መረጃው ስልኩ ላይ ስለሚቀመጥ የተጠናቀቀው አፕ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለመጀመር የሚያስፈልጉት፦ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ያለው ኮምፒውተር፣ የጉግል አካውንት፣ አንድሮይድ ስልክ፣ እና ከፕሌይ ስቶር የሚወርደው ኤምአይቲ ኤአይ2 ኮምፓኒየን። ኮምፓኒየኑ የምትሠሩትን ወዲያው ስልኩ ላይ ያሳያችኋል፤ ኮምፒውተሩና ስልኩ ግን በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆን አለባቸው። ቤት ዋይፋይ ከሌለ ኮምፒውተሩን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት ይቻላል። ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ስሙን በላቲን ፊደል ያለ ክፍተት ጻፉት፤ ሌላ አይቀበልም። ስልኩ ላይ የሚታየውን ስም ግን በፕሮጀክቱ ባሕርያት ውስጥ አፕኔም በሚለው ቦታ በአማርኛ መስጠት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ በወረቀት፦ ለአንድ ልብስ ምን ይመዘገባል?

ብሎክ ከመንካታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። በኋላ አንድ ነገር መጨመር ሲያምራችሁ የተመዘገበውን ሁሉ እንደገና መንካት ይመጣልና። እያንዳንዱ ልብስ 10 ቦታ ያለው ዝርዝር ይሆናል፦

1. ቁጥር፦ የማይደገም መለያ።
2. ስም፦ "ሰማያዊ ባለ ኮሌታ ሸሚዝ" ዓይነት፣ እናንተ የምትለዩበት።
3. ዓይነት፦ ላይ፣ ታች፣ ሙሉ፣ ደራቢ፣ ጫማ። ሀበሻ ቀሚስና ሌላ ቀሚስ "ሙሉ" ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ጃኬትና ካፖርት "ደራቢ" ናቸው። ያለ ሸሚዝ የሚለበስ ሹራብ ግን "ላይ" ነው።
4. ቀለም፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ክሬም፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ዝንጉርጉር። ከዚህ በላይ አትከፋፍሉ።
5. ሙቀት፦ ከ1 እስከ 3። ቲሸርትና ስስ ሸሚዝ 1፣ ወፍራም ሸሚዝ 2፣ ወፍራም ሹራብ 3። ከደራቢዎች ነጠላና ስስ ሹራብ 1፣ ጃኬት 2፣ ካፖርትና ጋቢ 3። ለታችና ለጫማ 1 ጻፉ፤ ስሌቱ ውስጥ አይገቡም።
6. ጉዳይ፦ ለምን እንደሚሆን። ሥራ፣ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን (ወይም መስጊድ)፣ ሠርግ፣ በዓል፣ ለቅሶ። ለጫማና ለደራቢ ደግሞ "ዝናብ" የሚል ምልክት ይጨመራል።
7. ፎቶ፦ ፎቶው ስልኩ ውስጥ ያለበት መንገድ።
8. ሁኔታ፦ ንጹሕ ወይም እጥበት።
9. መጨረሻ የተለበሰበት ጊዜ፤ ሲመዘገብ 0።
10. ከታጠበ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተለበሰ፤ እሱም 0።

ጉዳዩ ጥሩ ሆኖ ከተሞላ ብዙ ሕግ ያድናችኋል። ለለቅሶ የተለየ ሕግ መጻፍ አያስፈልግም፤ "ለቅሶ" የሚለውን ምልክት ለጥቁርና ለደብዛዛው ልብስ ብቻ መስጠት ይበቃል። ባለ ጥለቱን ሀበሻ ቀሚስ "ሥራ" ብላችሁ ካልመዘገባችሁት ማክሰኞ ጠዋት አይወጣም። አርብ አርብ ወደ ቢሮ የምትለብሱት ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ስጡት፤ የቁም ሳጥኑ ባለቤት እናንተ ናችሁ።

ስድስተኛውን ቦታ በዝርዝር ውስጥ ሌላ ዝርዝር አድርጋችሁ አትሥሩት። በሰረዝ የታጠረ አንድ ጽሑፍ ይሁን፦ "-ሥራ-በዓል-"። ምክንያቱ ሁለት ነው። በኋላ መጠባበቂያ ስትወስዱ ዝርዝር ውስጥ ያለ ዝርዝር እንደነበረ አይመለስም፤ ጽሑፍ ግን ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ስትፈልጉ "-ሥራ-" ብላችሁ ከነሰረዙ ስለምትፈልጉ አንዱ ቃል በሌላው ውስጥ ተገኝቶ አያሳስታችሁም።

ፎቶ ስታነሡ ልብሱን መስኮት አጠገብ በነጭ አንሶላ ላይ ዘርጉት፤ ቀጥታ ፀሐይ አይምታው፣ መብራቱም ይጥፋ። ቢጫ አምፖል ነጩን ክሬም፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ ያስመስላል። የስልኩን ካሜራ አራት ማዕዘን ቅርጽና ከሚሰጠው ዝቅተኛው ጥራት ላይ አድርጉት፤ ስክሪኑ ላይ በመዳፍ ስፋት ለሚታይ ምስል ትልቅ ፎቶ ቦታ ከመሙላትና አፑን ከማዘግየት በቀር ጥቅም የለውም።

ገጹን መዘርጋት

አንድ ስክሪን ይበቃል። አፕ ኢንቬንተር ውስጥ አንዱ ስክሪን የሌላውን ቫሪያብል (መረጃ የሚይዝ ስም) አያይም፤ ስለዚህ ሦስት ስክሪን ከመክፈት በአንዱ ስክሪን ላይ ሦስት ቨርቲካል አሬንጅመንት (ነገሮችን ከላይ ወደ ታች የሚደረድር ሳጥን) ደርድራችሁ፣ ከላይ ባሉ ሦስት በተኖች አንዱን እያሳያችሁ ሁለቱን መደበቅ ይሻላል። ቪዝብል የሚለውን ባሕርይ እውነት ወይም ሐሰት ማድረግ ብቻ ነው።

"ዛሬ" የሚለው ክፍል፦ ለጉዳይ አንድ ስፒነር (ሲነኩት ምርጫዎች የሚዘረዝር)፣ ለአየሩ አንድ ስፒነር (ብርድ፣ መካከለኛ፣ ሙቀት)፣ "ዝናብ አለ" የሚል ቼክቦክስ፣ "ምረጥልኝ" የሚል በተን፣ አራት ኢሜጅ፣ ከታች "ሌላ"፣ "አይሄዱም" እና "ይህን ለበስኩ" የሚሉ በተኖች። ኢሜጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ስፋታቸውን 45 በመቶ፣ ቁመታቸውን 30 በመቶ ስጡ።

"መዝግብ" የሚለው ክፍል፦ ለስም ቴክስትቦክስ፣ ለዓይነት፣ ለቀለምና ለሙቀት ሦስት ስፒነር፣ ለጉዳዮቹ ቼክቦክሶች፣ "ፎቶ አንሣ" እና "አስቀምጥ"።

"እጥበት" የሚለው ክፍል፦ አንድ ሊስትቪው (ዝርዝር ማሳያ) እና "ሁሉም ታጥቧል" የሚል በተን።

ስክሪኑ ላይ የማይታዩት ኮምፖነንቶች (የአፑ ክፍሎች) ካሜራ፣ ታይኒዲቢ (መረጃን ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥ)፣ ክሎክ (ሰዓት)፣ ኖቲፋየር (መልእክት የሚያሳይ) እና ሼሪንግ (ወደ ሌላ አፕ የሚልክ) ናቸው። የክሎኩን ታይመር አጥፉት፤ ሰዓት ለመጠየቅ ብቻ ነው የምንፈልገው።

እዚህ ላይ አማርኛ ጸሐፊን የሚይዙ ሦስት ወጥመዶች አሉ። ስፒነር ምርጫዎቹን የሚለየው በላቲኑ ነጠላ ሰረዝ ነው፤ በአማርኛ ኪቦርድ "፣" ከጻፋችሁ አሥሩም ቀለም አንድ ረጅም ምርጫ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ለእኛ "ሥራ" እና "ስራ"፣ "ሠርግ" እና "ሰርግ"፣ "ንጹሕ" እና "ንፁህ" አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ብሎክ ላይ በአንዱ፣ ሌላው ላይ በሌላው ከጻፋችሁ አፑ ስህተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ "ምንም የለም" ይላል። ስለዚህ እነዚህን ቃላት በአንድ ቦታ ግሎባል ቫሪያብል (ከየትኛውም ብሎክ የሚጠራ) አድርጋችሁ ጻፉና በየቦታው ቫሪያብሉን ጥሩ። ሦስተኛው፣ ስፒነር ሲከፈት የመጀመሪያው ምርጫ እንደተመረጠ ይቆጠራል። ቀለም መምረጥ የረሳ ሰው ሁሉን ነገር ነጭ አድርጎ ይመዘግባል። የመጀመሪያውን ምርጫ "ምረጥ" አድርጉትና ሲቀመጥ "ምረጥ" የሚል ካለ በኖቲፋየር እምቢ በሉ።

መመዝገብና ማስቀመጥ

"ልብሶች" የሚል ግሎባል ቫሪያብል በባዶ ዝርዝር ጀምሩ። ስክሪን1 ሲከፈት ከታይኒዲቢ "ልብሶች" በሚል ታግ (የማስቀመጫ ስም) የተቀመጠውን አውጥታችሁ ቫሪያብሉ ውስጥ አስገቡ። የታይኒዲቢ ማውጫ ብሎክ "ታጉ ከሌለ" ብሎ የሚጠይቀው ክፍት ቦታ አለ፤ ብሎኩ ሲመጣ ባዶ ጽሑፍ ተሰክቶበት ነው። አንሡትና ባዶ ዝርዝር ስኩበት። ይህ ካልተደረገ አፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ጽሑፍን እንደ ዝርዝር ለማንበብ ይሞክርና በቀይ ስህተት ይቆማል።

"ፎቶ አንሣ" ሲነካ የካሜራው ቴክፒክቸር ይጠራል፤ አንሥቶ ሲጨርስ አፍተርፒክቸር የሚሰጠውን መንገድ "አዲስ ፎቶ" በሚል ቫሪያብል ያዙት። "አስቀምጥ" ሲነካ አሥሩን ነገር በዝርዝር ገጣጥማችሁ ወደ "ልብሶች" ጨምሩ፣ ከዚያ "ልብሶች"ን በሙሉ በታይኒዲቢ አስቀምጡ፣ ቅጹን አጽዱ። "አዲስ ፎቶ"ንም ባዶ ማድረግ አትርሱ፤ ካልሆነ ፎቶ ያልተነሣለት ሱሪ የቀደመውን ሸሚዝ ፎቶ ይዞ ይመዘገባል።

ቁጥሩን ከዝርዝሩ ርዝመት አታውጡ። 12 ልብስ ካላችሁና አንዱን ብትሰርዙ ቀጣዩ እንደገና 12ኛ ይሆናል፤ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ልብሶች ይኖራሉ፣ በኋላ የምንሠራው የ"አይሄዱም" መዝገብም ይምታታል። በታይኒዲቢ "ቆጣሪ" የሚል ታግ ያዙና በየምዝገባው 1 ጨምሩበት፤ ወደ ኋላ አይመለስም።

ማጣሪያው

ውጤት የሚመልስ ፕሮሲጀር (በስም የሚጠራ የብሎኮች ስብስብ) ሥሩ፤ "ጣራ" ብላችሁ ሰይሙት (ማጣራት ለማለት ነው)። የሚቀበለው ዓይነት፣ ጉዳይና የዕረፍት ቀን (ልብሱ ከተለበሰ በኋላ ሳይለበስ የሚቆይበት) ነው። ውስጡ ባዶ ዝርዝር ይጀምራል፤ በ"ልብሶች" ላይ አንድ በአንድ እየሄደ የሚከተሉትን ሁሉ ያሟላውን ይጨምራል፦

– 3ኛው ቦታ ከተጠየቀው ዓይነት ጋር እኩል ነው፤
– 8ኛው ቦታ "ንጹሕ" ነው፤
– 6ኛው ቦታ በሰረዝ የታጠረውን ጉዳይ ይዟል፤
– ዝናብ ተመርጦ ከሆነና ዓይነቱ ጫማ ወይም ደራቢ ከሆነ፣ 6ኛው "-ዝናብ-"ንም ይዟል፤
– ከተለበሰ ያለፈው ቀን ከዕረፍቱ አያንስም።

ቀኑን ለማወቅ ከክሎኩ ሲስተምታይም ላይ 9ኛውን ቦታ ቀንሱና ለ86,400,000 አካፍሉ፤ ሲስተምታይም በሚሊሰከንድ ነውና አንድ ቀን ይህን ያህል ነው። አቀናነሱን አትገልብጡት፦ ከአሁኑ ላይ የድሮው ነው የሚቀነሰው፤ ከተገለበጠ ውጤቱ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ስለሚሆን ምንም ልብስ አያልፍም።

የዕረፍት ቀን ለሁሉም አንድ አይሁን። ለላይ 4፣ ለሙሉ 4፣ ለታች 1፣ ለጫማና ለደራቢ 0 ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ጃኬት ሳምንቱን ሙሉ ቢለበስ ማንም ልብ አይልም፤ አንድ ቢጫ ሸሚዝ ሰኞና ማክሰኞ ቢደገም ግን ይታወቃል። ሁለት ጫማ ላለው ሰው ለጫማ 3 ቀን ዕረፍት መስጠት ደግሞ በሦስተኛው ቀን በባዶ እግር መላክ ነው።

በአፕ ኢንቬንተር የዝርዝር ቁጥር የሚጀምረው ከ1 ነው። ሌላ ቋንቋ የሚያውቁ ከ0 እየቆጠሩ ቀለም ሲጠይቁ ዓይነት ይመጣላቸዋል።

ማዛመድ

20 ላይ፣ 10 ታች፣ 6 ደራቢና 4 ጫማ ካላችሁ 4,800 ጥምር አለ። በብሎክ ሁሉንም መፈተሽ ስልኩን ያንቀራፍፈዋል፤ አያስፈልግምም። 40 ጊዜ በዕጣ እያወጡ ከሕጉ ጋር የሚስማማውን ነጥብ መስጠትና ከፍተኛውን ማሳየት ይበቃል። ዕጣው ደግሞ በየጠዋቱ ልዩነት ያመጣል፤ ሁሉንም ብትፈትሹ አፑ በአንድ ቀን ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ ይሰጣችሁ ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት ለደራቢው ዝርዝር አንድ የሌለ ልብስ ጨምሩበት፦ ቁጥሩ 0፣ ስሙ "ያለ ደራቢ"፣ ሙቀቱ 0፣ ፎቶው ባዶ። በዚህ መንገድ "ደራቢ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም" ብላችሁ ሌላ ሕግ አትጽፉም፤ የሙቀት ስሌቱ ራሱ ይወስናል። ዝናብ ሲመረጥ ግን አትጨምሩት። ይህ ልብስ በተጣራው ዝርዝር ላይ ብቻ ይግባ እንጂ "ልብሶች" ውስጥ አይግባ።

በእያንዳንዱ ዙር የሚሆነው፦

ሀ. ከላይ፣ ከታች፣ ከደራቢና ከጫማ አንድ አንድ በዕጣ ይወጣል። "ሙሉ" ካለ ከ1 እስከ 3 ቁጥር አውጡ፤ 1 ሲሆን በላይና በታች ፋንታ ሙሉው ይግባ። ከላይ ወይም ከታች አንዱ ባዶ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሙሉ ይሂድ።

ለ. ላይና ታች ሁለቱም ደማቅ ከሆኑ ይለፍ (ጥምሩ ተጥሎ ወደ ቀጣዩ ዙር ይኬድ ማለት ነው)። ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ክሬም፣ ቡኒና ሰማያዊ ገለልተኛ ናቸው፤ የቀሩት፣ ዝንጉርጉሩን ጨምሮ፣ ደማቅ ይባሉ። አንድ ደማቅ ከአንድ ገለልተኛ ጋር 2 ነጥብ፣ ገለልተኛ ከገለልተኛ 1 ነጥብ። ሙሉ ከሆነ 2 ስጡት። ይህ ሕግ ጥብቅ ይመስላል፤ ቀይና አረንጓዴ አስማምቶ የሚለብስ ሰው አለና። እንዲህ ያለው ሰው ግን መጀመሪያውኑ አፕ አይፈልግም።

ሐ. የላዩን (ወይም የሙሉውን) ሙቀት ከደራቢው ጋር ደምሩ። ለሙቀት ድምሩ እስከ 2፣ ለመካከለኛ 2 ወይም 3፣ ለብርድ 4 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ካልሆነ ይለፍ።

መ. ቁጥሮቹ "አይሄዱም" መዝገብ ውስጥ ካሉ ይለፍ።

ሠ. ላዩና ታቹ ከተለበሱ ያለፈውን ቀን፣ እያንዳንዱን ቢበዛ 14 አድርጋችሁ፣ ለ7 አካፍላችሁ ጨምሩ። በመጨረሻ ከ0 እስከ 1 ያለ የዕጣ ክፍልፋይ ጨምሩ። ነጥቡ እስካሁን ካለው ከበለጠ ጥምሩን ያዙት።

14 የሚለው ጣሪያ እንዳይዘለል። ገና ያልተለበሰ ልብስ 9ኛ ቦታው 0 ነው፤ የኮምፒውተር ሰዓት ደግሞ የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ስለሆነ "ካልተለበሰ 20,000 ቀን አልፎታል" ይላል። ጣሪያ ከሌለ አዲስ የተመዘገበው ልብስ ብቻ እየተደጋገመ ይመጣል። በተቃራኒው ጥሩ ጥሩ ጥምሮች አሉኝ ግን እነዚያው ይመላለሱብኛል ካላችሁ የዕጣውን ክፍልፋይ በ2 አባዙት።

የአዲስ አበባ አየር ለሙቀቱ ሕግ አንድ ጭማሪ ይፈልጋል። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይከርራል። ወፍራም ሹራብ ለብሶ የወጣ ሰው በ6 ሰዓት ያልበዋል፤ ሹራቡን ማውለቅም አይችልም፣ ሥሩ ምንም የለምና። ስለዚህ ብርድ ሲመረጥ የላዩ ሙቀት ከ2 እንዳይበልጥ አድርጉ፤ ቀሪውን ሙቀት የሚወልቀው ደራቢ ይሸከመው። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ይህን ሕግ ይተወው። ክረምቱ ቀኑን ሙሉ በሚበርድበት ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ደግሞ አየሩ ላይ "ከባድ ብርድ" የሚል አራተኛ ደረጃ ጨምሮ ድምሩን 5 ያድርገው።

ዕጣ የሚያወጣው ብሎክ ባዶ ዝርዝር ሲሰጠው አፑ ይቆማል። ከ40ው ዙር በፊት ዝርዝሮቹ ባዶ መሆናቸውን ፈትሹ፤ ባዶ ካለ የትኛው እንደሆነ በኖቲፋየር ንገሩ፦ "ለለቅሶ የሚሆን ንጹሕ ታች የለም"። "ምንም አልተገኘም" የሚል መልእክት ጠዋት ለቸኮለ ሰው ምንም አይጠቅምም። ዝርዝሮቹ ሞልተው 40ውም ዙር ምንም ሳይገኝ ካለፈ ሕጉን በቅደም ተከተል አላሉ፦ መጀመሪያ ዕረፍቱን 0 አድርጋችሁ ድገሙ፣ ከዚያ የቀለሙን ሕግ ተዉ። ንጽሕናውንና ጉዳዩን ግን በፍጹም አታላሉ።

ከተመረጠ በኋላ

"ይህን ለበስኩ" ሲነካ ለተመረጡት ልብሶች 9ኛው ቦታ በአሁኑ ሲስተምታይም ይተካል፣ 10ኛው በ1 ይጨምራል። በአፕ ኢንቬንተር ከዝርዝር የወጣ ንዑስ ዝርዝር ግልባጭ አይደለም፤ ራሱ ነው። የተመረጠውን ሸሚዝ ስትቀይሩ "ልብሶች" ውስጥ ያለውም አብሮ ይቀየራል፤ ፈልጋችሁ ማግኘት አይጠበቅባችሁም። ቀጥሎ "ልብሶች"ን በታይኒዲቢ እንደገና ማስቀመጥ ግን የግድ ነው፤ የተረሳ እንደሆነ አፑ ተዘግቶ ሲከፈት ምንም ያልለበሳችሁ ይመስለዋል።

10ኛው ቦታ ገደቡ ላይ ሲደርስ 8ኛው ወደ "እጥበት" ይቀየር። መነሻ ገደብ፦ ላይ 1፣ ሙሉ 1፣ ታች 3፣ ደራቢ 10፤ ለጫማ ገደብ አታድርጉ። የእጥበት ገጹ ሊስትቪው እነዚህን ያሳያል፤ ሲነኩ ወደ ንጹሕ ይመለሳሉ፣ 10ኛውም 0 ይሆናል። በክረምት ጂንስ በሁለት ቀንም ላይደርቅ ይችላል፤ ስለዚህ "ታጥቧል" የሚለውን የምትነኩት ከገመድ ላይ ሲወርድ እንጂ ሲሰጣ አይደለም።

"አይሄዱም" ሲነካ ኖቲፋየሩ "ላይና ታቹ" ወይም "ደራቢው" የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ያሳይ። በመጀመሪያው የላዩና የታቹ ቁጥር፣ በሁለተኛው የታቹና የደራቢው ቁጥር በሰረዝ ተያይዞ ("12-7" እንደማለት) በታይኒዲቢ ወደተቀመጠው መዝገብ ይገባል። ሙሉ የተለበሰ ከሆነ በታቹ ፋንታ የሙሉው ቁጥር ይግባ። ሱፍ ልብስ ያለው ሰው ይህን በተን ቶሎ ይወደዋል፦ ኮቱን ደራቢ፣ ሱሪውን ታች አድርጎ ይመዘግባል፤ የአንዱ ሱፍ ኮት በሌላው ሱሪ ላይ ሲመጣ አንዴ ይነካዋል፣ ያ ጥምር ሁለተኛ አይመጣም። "ሌላ" ግን ምንም አይመዘግብም፤ ሰው አንዳንዴ ልብሱን ጠልቶ ሳይሆን ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው።

መሞከርና ወደ ስልክ ማውጣት

በኮምፓኒየን ላይ እያላችሁ ቁም ሳጥኑን ሙሉ አትመዝግቡ። 8 የሙከራ ልብስ ይበቃል፦ 3 ላይ (አንዱ ደማቅ)፣ 2 ታች (አንዱ ደማቅ)፣ 1 ሙሉ፣ 1 ጃኬት፣ 1 ዝናብ የማይችል ጫማ። ኮምፓኒየኑ ላይ የተመዘገበ ነገር ለተጠናቀቀው አፕ አይተላለፍም። ከዚህም ሌላ በኮምፓኒየን የምትሞክሯቸው ፕሮጀክቶች ሁሉ አንድ ታይኒዲቢ ይጋራሉ፤ ሌላ ፕሮጀክት ላይ "ልብሶች" የሚል ታግ ካላችሁ ይደባለቃል።

ሙከራው ይህን ይመስላል። ዝናብ ስትመርጡ ጫማ የለም የሚል መልእክት መምጣት አለበት። ብርድ ስትመርጡ ጃኬቱ ከ1 ሙቀት ካለው ሸሚዝ ጋር ድምሩ 3 ስለሆነ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ የሙቀቱ ስሌት አልተገናኘም ማለት ነው። ደማቁን ላይና ደማቁን ታች ብቻ ንጹሕ አድርጋችሁ ሙሉውን ወደ እጥበት ስትልኩ ደግሞ አፑ የቀለሙን ሕግ አላልቶ ማሳየት አለበት። "ይህን ለበስኩ" ብላችሁ፣ አፑን ዘግታችሁ፣ ከፍታችሁ እጥበት ውስጥ መግባቱን እዩ።

ከዚያ ቢልድ ከሚለው ሜኑ አንድሮይድ አፕ ምረጡ፤ የሚመጣውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ቃኙ። ስልኩ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ አፕ ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዚያ ጊዜ ፍቀዱና በኋላ መልሳችሁ ዝጉት። በኋላ አስተካክላችሁ አዲስ ስታወጡ አሮጌውን ሳታጠፉ በላዩ ጫኑት፤ አጥፍታችሁ ከጫናችሁ መዝገቡ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ፕሮጀክቱን በሌላ ስም ገልብጣችሁ ካወጣችሁትም ስልኩ እንደ ሌላ አፕ ስለሚቆጥረው ባዶ መዝገብ ይዞ ይከፈታል።

መጠባበቂያውም ቀላል ነው። "ልብሶች"ን ወደ ሲኤስቪ ጽሑፍ (በነጠላ ሰረዝ የተለየ) የሚቀይር ብሎክ ዝርዝር ከሚለው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ውጤቱን በሼሪንግ ወደ ራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት። ለመመለስ ጽሑፉን ቴክስትቦክስ ላይ ለጥፋችሁ በተቃራኒው ብሎክ ወደ ዝርዝር ቀይሩት። ቆጣሪውንና የ"አይሄዱም" መዝገብንም አብራችሁ ላኩ። ፎቶዎቹ ግን በዚህ አይሄዱም፤ የሚሄደው መንገዳቸው ብቻ ነው። ከስልኩ የሸሚዝ ፎቶ ካጠፋችሁ አፑ ላይ ባዶ ካሬ ይታያል።

አየሩን ከኢንተርኔት ማምጣት ከፈለጋችሁ

ይህ ተጨማሪ ነው፤ መስኮት ከፍቶ ማየት ይቀላል። ቢሆንም ዌብ ኮምፖነንት ጨምራችሁ ከኦፕን-ሜቲዮ (የአየር ትንበያ አገልግሎት) የሰዓት በሰዓት ሙቀት መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለግል አገልግሎት ያለ ምዝገባ ይሰጣል። ለአዲስ አበባ ኬክሮሱ 9.03፣ ኬንትሮሱ 38.74 ነው። የሰዓት ክልሉን የአዲስ አበባ ብላችሁ በጥያቄው ውስጥ መጻፍ አትርሱ። የሚመጣው ዝርዝር ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ጠዋት 1 ሰዓት ስምንተኛው ቁጥር ነው፤ የሰዓት ክልሉ ካልተጻፈ ግን ስምንተኛው የረፋዱ 4 ሰዓት ሙቀት ይሆንና ብርዱን ሳያይ ይልካችኋል። ከ14 ዲግሪ በታች ብርድ፣ እስከ 22 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ሙቀት ብላችሁ ስፒነሩን ሙሉት። መልሱ ካልመጣ ስፒነሩ ባለበት ይቆይ፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሚቆም አፕ ሁለት ጠዋት ካስቸገረ በሦስተኛው ማንም አይከፍተውም።